የኮሶዬው የስንጥብ ትል

ዶክተር ባምላክ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ አፉ አረፋ ደፍቆ፣ አንገቱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሞቶ ተገኘ። ከፊቱ ግማሹ የተበላ እንጀራ በሽሮ፣ ከራሱ በላይ ደግሞ በመስተዋት የተለበጠ የሰርተፍኬት መዓት። ሰውዬው በሕይወት ሳለ እነዚያን መስተዋቶች ሌላ ሰው እንዲወለውላቸው እንኳ አይፈቅድም ነበር ይባላል። አሁን ዝንቦቹ ማንንም ሳያስፈቅዱ ከሽሮው ወደ ሰርተፍኬቱ፣ ከሰርተፍኬቱ ወደ አፍንጫው ይመላለሳሉ።

ኢንስፔክተር ዓይናዲስ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ሬሳ ማየት ከለመደች ቆይታለች፤ አያስደነግጣትም። የሚያንገሸግሿት ሬሳውን ከበው የሚቆሙት ሰዎች ናቸው።

ቦታው ኮሶዬ ነው፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የዓሳ ማራቢያ ጣቢያ። እዚህ የሚረባው ቆረሶ የጣናን ሙቅ ውሃ የለመደ ዓሳ ነው፤ ኮሶዬ ደግሞ ሰው በቀትር ጋቢ የሚደርብበት አገር። የሙቅ ውሃውን ዓሳ በደጋ ብርድ ማርባት የማን ሐሳብ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዶክተሩ በእርዳታ ብር የፕላስቲክ ቤት አቆመ፣ የሲሚንቶ ገንዳ አስገነባ፣ ውሃውን በኤሌክትሪክ እያሞቀ ዓሳውን ማንቀባረር ያዘ። እርዳታ ሰጪ እስካለ ድረስ ዓሳ ዛፍ ላይም ይረባል!

«ገዳይዋን ይዘናታል» አለ ሳጅን ሙሉሰው ደረቱን ነፍቶ።

«ማንን?»

«ወጥ ቤቷን፣ ይመኙሽን። ሽሮውን የሠራችው እሷ፣ ያቀረበችው እሷ፣ ሞቶ አገኘሁት ብላ የጮኸችውም እሷ። ቤቷን ስንፈትሽ ደግሞ በብልቃጥ መርዝ አገኘን። ለዓሳው ትል የሚያደርጉት መድኃኒት ነው። ከጤና ጣቢያ የጠራነው ሐኪምም ዓይኑንና አረፋውን አይቶ ‘ይኼ የነፍሳት መግደያ ነው’ ብሏል።»

«የሆድ ዕቃው ምርመራስ?»

«አዲስ አበባ ሄዶ እስኪመለስ ሳምንታት ይፈጃል። እኛ ግን ከነገ ወዲያ ጠዋት ፍርድ ቤት እናቀርባታለን፤ ከዚያ ወህኒ ነው።»

«ምን አድርጓት ነው የገደለችው?»

«ባለፈው ሰሞን ጨው አበዛሽ ብሎ በሰው ፊት ሰድቧታል።»

«ጎሽ! በጨው ብንገዳደል ኖሮ ጎንደር ላይ አንድ ባል አይተርፍም ነበር» አለችና ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች።

የሟቹን ቀኝ እጅ አነሳችው። እጁ ደርቆ አልታጠፍ ብሏል። ጣቶቹን አንድ በአንድ አየች፣ ጥፍሩን አየች፣ አሸተተች። ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን የእጅ ማስታጠቢያ በጣቷ ነካችው፤ ደረቅ ነው። መስኮቱ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል የተለጠፈበት አንድ ሃይላንድ ቆሟል፤ ከውስጡ ትንሽ ተጠጥቷል። ወደ ብርሃኑ አንስታ ተመለከተችው። ውሃው ኩልል ያለ ነው።

«ሙሉሰው፣ ሰውዬው በማንኪያ ነበር እንዴ የሚበላው?»

«ኧረ በእጁ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ይኼን ክፍል አሽግልኝ። ሃይላንዱንም አንተ ራስህ እንዳትጠጣው።»

ሳጅኑ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ይመኙሽ ያለችው ጎንደር ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ነው። ጡት የሚጠባ ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ሲሚንቶው ላይ ካርቶን አንጥፋ ተቀምጣለች። ልጁ ያስላል። ደረቱ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል።

«መርዙን ምን ልታደርጊበት ነው ቤትሽ ያስቀመጥሽው?» አለቻት ዓይናዲስ።

«ለትኋን ነው እመቤቴ፤ ልጄን ትኋን ፈጀብኝ። ለአያ ምንይችል፣ ለዘበኛው፣ ባዋየው እሱ ቀድቶ ሰጠኝ። ከፍቼም አላየሁት፣ ልጁ እንዳይነካብኝ ፈርቼ።»

«ምሳውን ለዶክተሩ በእጁ ሰጠሽው?»

«አይ። ሁዳዴ አይደል? ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አይቀምስም። ጠዋት በሩን ዘግቶ ይጸልያል፣ ይጽፋል። በዚያ ሰዓት ያንኳኳ ወዮለት! እኔ ቀትር ላይ ሠርቼ ደጃፉ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ከድኜ አስቀምጥና ከአያ ምንይችል ጋር ቅዳሴ እንሄዳለን። ስመለስ ሳህኑን አነሳለሁ። ዛሬ ስገባ እንደ እንጨት ደርቆ አገኘሁት።»

«ከዘጠኝ በፊት ምንም አይቀምስም?»

«ከጸበሉ በቀር። ጠዋት በባዶ ሆዱ እሱን ይጠጣል።»

ልጁ ሳል ይዞት ተንፈራፈረ። ይመኙሽ ጀርባውን እየመታች ቀና አለች። «እመቤቴ፣ እኔስ እሺ። ወህኒ ከወረድኩ ግን ይኼ ልጅ ብርዱን አይችለውም፤ ይሞትብኛል። ደግሞ የምሰጠው ዘመድ የለኝም።»

ዓይናዲስ ምንም ቃል አልሰጠቻትም፤ ባዶ ተስፋ መስጠት አትወድም። ስትወጣ ግን የራሷን ፎጣ ከአንገቷ አውልቃ ጣለችላትና ሳጅኑን በቁጣ ገላመጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ኮሶዬ ተመለሰች። በመጀመሪያ በሩ ላይ አያ ምንይችልን አገኘችው፤ ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሽማግሌ ነው።

«አያ ምንይችል፣ ለይመኙሽ መርዝ የሰጡት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፤ ምነው፣ ትኋን መግደል ወንጀል ሆነ እንዴ? ከአሮጌው ጠርሙስ የተረፈች ጭላጭ ናት። ልጁ እንዳይከፍታት ብዬ አፏን በጨርቅ ወትፌ በሲባጎ አሰርኳት።»

ዓይናዲስ ሳጅኑ በኤግዚቢትነት የያዘውን ብልቃጥ ከቦርሳዋ አወጣች። ሲባጎው እንደታሰረ ነው። ሽማግሌው ቋጠሮውን አየና «የእኔው እጅ ነው፣ አልተነካም» አለ። ሳጅን ሙሉሰው ጫማውን መመርመር ጀመረ።

«ትናንት ቀትር ላይ እርስዎና ይመኙሽ ስትወጡ ጊቢው ውስጥ ማን ቀረ?»

«ዶክተር አምሐና ሄለን። ሌላ ዝንብም አልነበረ።»

ዶክተር አምሐ ላቦራቶሪው ውስጥ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ያፏጫል። አለቃው ትናንት ሞቶ ዛሬ ያፏጫል! ነጭ ጋዋኑ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ሰክቷል፤ አንዱም አይጽፍም ይሆናል።

«እህቴ፣ ይኼ ጉዳይ ቴክኒካል ነው። ባትደክሚ ይሻላል» አላት።

«እኔ መድከም እወዳለሁ። ትሉን ንገረኝ።»

ስለ ትሉ ሲጠየቅ ፊቱ በራ። ትሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ከመርፌ ጫፍ አይበልጥም። ዓሳው በሚተነፍስበት በቀዩ ስንጥብ ላይ በጅራቱ በኩል ባሉት መንጠቆዎች ተጣብቆ፣ ልጋጉንና ቆዳውን እየጋጠ ይኖራል። ሲበዛ ዓሳው ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል። ብዙ ዓይነት የስንጥብ ትል በዓለም ላይ ይታወቃል፤ ይኼኛው ግን ከዚያ ሁሉ የተለየ ነው።

«አዲስ ዝርያ ብቻ እንዳይመስልሽ። አዲስ ወገን ነው! የመንጠቆው አሠራር ከማንም አይገጥም። ከዚህ ገንዳ በቀር ሌላ ቦታ አልተገኘም።»

«ማን አገኘው?»

«እኔ ነኛ!»

«ስሙንስ ማን አወጣለት?»

አምሐ የማይክሮስኮፑን ቁልፍ አሽከረከረ። መንጋጋው ሲላወስ አየችው። «ባምላክ በራሱ ስም ሰይሞ ለመጽሔት ልኮታል» አለ በመጨረሻ።

«ታዲያ የትል መድኃኒቱ የት ገባ?»

«ከትናንት ወዲያ ማታ ባምላክ አዲሱን ጠርሙስ ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ‘ነገ ገንዳውን አክም፣ ዓሳው እያለቀ ነው’ አለኝ። ትናንት ጠዋት ሙሉውን ገንዳው ውስጥ ደፋሁት። ሄለን ቆማ አይታለች።»

«ትሎቹስ?»

«አለቁ» አለና ማፏጨቱን ቀጠለ።

ዓይናዲስ ስትወጣ እያሰበች ነበር። ዶሮዋ የሞተባት ሴት እንኳ ቢያንስ አንድ ቀን ታዝናለች። ይኼ ሰውዬ በዓለም ላይ የለም የሚለው ሀብቱ በገዛ እጁ አልቆበት ያፏጫል።

ሄለን የዓሳ መረብ እያጠበች አገኘቻት፤ የቄስ ልጅ ናት፣ ትምህርቷን እንደጨረሰች ነው እዚህ የተቀጠረችው።

«እውነት ነው፣ ጠርሙሱን ሲደፋ አይቻለሁ» አለች። «ግን በሩ ጋ ነበርኩ፤ ሽታው ስለሚያመኝ አልጠጋም።»

«መድኃኒቱ ትሉን በስንት ጊዜ ይገድለዋል?»

«ሌሊቱን ሁሉም ይረግፋል። አንድም አይተርፍም።»

«ዛሬ አይተሻቸዋል?»

«ዶክተር አምሐ ‘መድኃኒቱ እስኪበርድ ዓሳውን ማንም እንዳይነካ’ ብሎ ከለከለ እንጂ ላየው ነበር።»

«ዶክተር ባምላክ ግን በራሱ ስም የተጠራውን ትል ለምን ያስገድላል?»

ሄለን አፏን አሽሟጠጠች። «እሱ በአልኮል ያስቀመጠው ሞልቶታል፤ ቆልፎበታል። ገንዳው ከጸዳ ግን ዶክተር አምሐ ‘እኔ ነኝ ያገኘሁት’ ብሎ የሚያሳየው አንድ ትል አይኖረውም። ለዓሳው አዝኖ መሰለዎት? የኔም ስም ከጽሑፉ ተሰርዟል፤ እኔ ግን ተውኩት። ለትል ብዬ ጨጓራዬን አላቃጥልም።»

«ብልህ ነሽ» አለች ዓይናዲስ። ጣቢያው ውስጥ ደህና ነገር የሰማችው ይኼን ብቻ ነው።

ሬሳውን ሊወስድ የመጣው የሟቹ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ኪዳነወልድ ነው። ከወንድሙ ጋር በፒያሳው የአባታቸው ቤት ተካሰው፣ እስከ ትናንት በነገር ሲላላጡ ነበር። መቋሚያውን ተደግፎ የዓሳውን ገንዳ ተጸይፎ ያያል።

«በዐቢይ ጾም ዓሳ ሲያገላብጥ የሚውል ሰው! ነገርኩት፣ አልሰማ አለኝ።»

«ጸበል የሚያመጡለት እርስዎ ነዎት አሉ?»

«ብንካሰስም ወንድሜ ነው። እሑድ እሑድ አደርስለታለሁ።»

«ምን ዓይነት ጸበል ነው?»

«እምነት የተበጠበጠበት ነዋ! የቤተ ክርስቲያኑን አመድ ጨምሬበት። ሲቆም ይዘቅጣል፤ ላዩ ውሃ፣ ታቹ አመድ። ሲጠጣ ነቅንቆ ነው። ሲነቀነቅ ጭቃ ይመስላል።»

«ጣዕሙስ?»

መሪጌታ ተቆጣ። «ምነው ልጄ! የጸበል ጣዕም ይጠየቃል? ዓይንን ጨፍኖ በአንድ ትንፋሽ ነው!»

ዓይናዲስ እጅ ነሳችው። ከዚያ ማይክሮስኮፑን አስመጥታ ሁሉንም ወደ ፕላስቲኩ ቤት ጠራቻቸው።

ውስጡ ሞቃት ነው፤ የዓሳ ልጋግ ይሸታል። አምሐ ሰዓቱን እያየ ቆመ፣ መሪጌታ አፍንጫውን በነጠላው ያዘ፣ ሄለንና አያ ምንይችል ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ ሳጅን ሙሉሰው በሩን ዘጋ።

«እንዲህ ነው» አለች ዓይናዲስ። «አንድ ሰው ሽሮ እየበላ ሞተ ተባለ። ጣቶቹ ላይ ግን ሽሮ የለም፣ ጥፍሩ ውስጥ የለም፣ ማስታጠቢያው አልረጠበም። ሁዳዴ ነው፤ ሰውዬው ከዘጠኝ በፊት እህል አይቀምስም፤ ይመኙሽ ስታገኘው ደግሞ ደርቆ ነበር። ስለዚህ ምሳው ሲደርስ እሱ ሞቷል። እንጀራውን የቆረሰው ሌላ እጅ ነው፣ ወንጀሉ ወጥ ቤቷ ላይ እንዲላከክ። በዚያ ሰዓት እሷና አያ ምንይችል ቅዳሴ ናቸው። ጊቢው ውስጥ የቀራችሁት ሁለት ናችሁ።»

ሄለን ብድግ አለች። «እኔ አይደለሁም!»

«ቁጭ በይ፣ አልጨረስኩም። ሰውዬው በባዶ ሆዱ የሚቀምሰው ጸበል ብቻ ነው። ደግሞ ለመርዝ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም፤ ቢጎመዝዝ፣ ቢመር፣ ማንም ‘ጸበሉ ጣዕሙ ተለወጠብኝ’ አይልም። ሞቶ ካለቀ በኋላ ገዳዩ ሃይላንዱን አጥቦ ንጹሕ ውሃ ሞላበት። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። መሪጌታ፣ ይኼን ይዩልኝ።»

ሃይላንዱን ነቀነቀችና ሰጠችው። መሪጌታ በብርሃን አየው። «ይኼ ጸበል አይደለም። እምነቱ የታለ?»

«ገዳዩ ታች የዘቀጠውን አመድ ሲያይ የመርዙ አተላ መሰለውና አሳምሮ አጠበው። የቄስ ልጅ ይኼን አትስትም። ‘ይኼ ጉዳይ ቴክኒካል ነው’ የሚል ሰው ግን ይስታል።»

አምሐ ሳቀ። «ተረት ነው። እኔ መርዙን ከየት አምጥቼ? ጠርሙሱን በምስክር ፊት ገንዳው ውስጥ ደፍቼዋለሁ እያልኩሽ!»

«እሺ። ደፍተኸው ከሆነ ትሎቹ ሞተዋል። ሄለን፣ አንድ ዓሳ አውጪ።»

«አይቻልም!» ጮኸ አምሐ። «መድኃኒቱ ገና አልበረደም፣ እጇን ይጎዳታል!»

«ጓንት አላት። አውጪ!»

ሄለን በመረቡ አንድ ቆረሶ ያዘች። የስንጥቡን ክዳን አንስታ ከቀዩ ላይ በመቀስ ቆረጠች፤ ውሃ ጠብ ባለበት ስስ መስተዋት ላይ አድርጋ ማይክሮስኮፑ ሥር ገፋችው። ዓይናዲስ ሃይላንዱን ከመሪጌታ መልሳ ወሰደች። ትሎቹ ሞተው ከተገኙ ነገ ጠዋት ያቺ ሴት ከነልጇ ወህኒ ትወርዳለች፤ እሷም በእጇ አንድ የታጠበ ሃይላንድ ብቻ ይዛ ትቀራለች። ሄለን ጎንበስ አለች፤ ማስተካከያውን አዟዟረች።

«ምን ይታያል?»

«ይንቀሳቀሳሉ» አለች ሄለን። «ሁሉም በሕይወት አሉ። እየተሳቡ ነው።»

ሳጅን ሙሉሰው አየ። መሪጌታም አየና አማተበ።

«እንግዲህ» አለች ዓይናዲስ ወደ አምሐ ዞራ፣ «ገንዳው ውስጥ የደፋኸው ንጹሕ ውሃ ነው። መድኃኒቱ ማታውኑ ጸበሉ ውስጥ ገብቷል። አንተስ ብልጥ ብትሆን ኖሮ ጥቂት አስቀርተህ ገንዳውንም ታክመው ነበር፣ እኔም እጄን አጣጥፌ እቀር ነበር። ግን ጨከንክ? አልጨከንክም! ባልደረባህን መግደል አላቃተህም፣ ጡት የምታጠባ ምስኪን ማሳሰር አላቃተህም። ትሉ ግን አሳዘነህ። በአንተ ስም እንዲጠራ የምትፈልገው ትል ነዋ!»

አምሐ ወዙ ጠፋ። መጀመሪያ ሊክድ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ በድንገት ገነፈለ። «እኔ ነኝ ያገኘሁት! እሱ ማይክሮስኮፕ አስተካክሎ ማየት እንኳ አይችልም ነበር! ሰርተፍኬት ከመስቀል በቀር ምን ያውቃል? ስሜን ሰረቀኝ፣ ከዚያ በገዛ እጄ ልጨርሳቸው አዘዘኝ!»

«ሌባ ነበር» አለች ዓይናዲስ። «አንተ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ነህ። ለሁለታችሁም የሚያለቅስ ዓይን የለኝም።»

ካቴናው ሲገባለት ወደ ገንዳው ዞሮ ቆመ። ስለ ሞተው ሰው አልጠየቀም፤ ስለታሰረችው ሴትም ትንፍሽ አላለም። «ሄለን፣ አደራሽን» አለ፣ «ገንዳው እንዳይነካ። ሌላ ቦታ የለም።»

ዓይናዲስ በንቀት ከላይ እስከ ታች አየችው። «ሄለን፣ ሌላ መድኃኒት አለ?»

«መጋዘን ውስጥ ያልተከፈተ አንድ ጠርሙስ አለ።»

«ለፍርድ ቤት የሚበቃ ዓሳ ለይተሽ አሽጊና የቀረውን አክሚ። ቢያንስ ዓሳው ይተንፍስ።»

አምሐ ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ሳጅኑ እየጎተተ አወጣው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዓይናዲስ ጎንደር ደረሰች። የእስር ቤቱን በር ራሷ ከፈተች። ይመኙሽ ልጇን አቅፋ ወጣችና ነገሩን ሁሉ ቆማ ሰማች፤ ግራ ተጋብታ አንዴ ኢንስፔክተሯን፣ አንዴ ሳጅኑን ታያለች።

«ምን አጣልቷቸው ነው ታዲያ? ርስት ነው?»

«አይደለም።»

«ሴት ነች?»

«ትል ነው፣ ይመኙሽ። በዓሳ ስንጥብ ላይ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ትል። ‘በስሜ ይጠራ፣ በስሜ ይጠራ’ ተባብለው ነው።»

ይመኙሽ ትቀልጂብኛለሽ እንዴ በሚል ዓይን ጠበቀች። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። ልጁ አሳለ፤ ፎጣውን እስከ አንገቱ ሳበችለት።

«ወይ ጉድ!» አለች ወደ ሳጅኑ ዞራ። «እናንተም እኔንና ልጄን ለትል ልትገብሩን ነበር።»

ሳጅኑ ይቅርታ ሊል አፉን አሟሸ። እሷ ግን አልጠበቀችውም፤ ምስጋናም አልተናገረች። ኢንስፔክተር ዓይናዲስ ባጃጅ አስቆመችላትና ወደ ክሊኒክ እንዲያደርሳት ለሾፌሩ ነገረችው።